አባቴ ሲያጫውተን ደስ ይለው ነበር ወይ?

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ወንጂ ነበር፤ ከሸንኮራ አገዳው ማሳ ጥግ፣ ከሠራተኞች ሰፈር። አባቴ ከከምባታ መጥቶ እዚያው ስኳር ፋብሪካ የተቀጠረ ሰው ነው። ሥራው እንፋሎት ከሚያፈላው ከቦይለሩ አጠገብ ስለነበር ቤት ሲገባ ልብሱ ሁሉ እሳትና ጣፋጭ እንፋሎት ይሸት ነበር። ያኔ አገዳ ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉን ያቃጥሉት ስለነበር፣ ማምሻውን ሰማዩ ይቀላና ጥቁር ብናኝ በተሰጣው ልብስ ላይ ይወርዳል፤ እናቴ እየተነጫነጨች ልብሷን ስታስገባ እኛ ሦስቱ ልጆች ደጃፉ ላይ፣ ከከሰሉ ፍም አጠገብ ተደርድረን አባቴን እንጠብቃለን።

የቀን ፈረቃ በሚሆንባቸው ሳምንታት የማታው ተረት የእሱ ሥራ ነበር። እናቴ «ለእናንተ የሚሆን አፍ የለኝም፤ አባታችሁን ጠይቁት» ትለናለች። እሱም ጫማውን ያወልቅና እግሩን ወደ ፍሙ ዘርግቶ ይጀምራል። ሲጀምር ድምፁ ሞቷል። ጦጣዋ ወደ ጅቡ ቤት ሄደች ይላል፤ ያዛጋል። አንዳንዴ ጭራሽ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አፉ ግን አያቆምም። አንድ ምሽት ዓይኑ እንደተከደነ «ጅቡም ጦጣዋን፣ ተተኪዬ አልመጣም፣ ቦይለሩን ለማን ትቼ ልሂድ አላት» ብሎ አረፈው። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ታናሽ ወንድሜ መሬት ላይ ተንከባለለ። አባቴ ብንን ብሎ «ምን አልኩ?» አለ። ስንነግረው እሱም ሳቀና እንቅልፉ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ጅቡ ተቀጠረ። ቱታ ለበሰ፣ ፈረቃ ገባ፣ አለቃው ምሳ ዕቃውን እያስከፈተ ይፈትሸው ጀመር። በሌላ ሰው ተረት ጅቡ ሲያባርር ወይ ሲታለል ያመሻል፤ የእኛ ጅብ ሥራ ነበረው።

ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ነው፤ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አባቴና ጎረቤታችን ጋሽ ደበላ በራፋችን ላይ ቆመው ያወራሉ፣ እኔ ውስጥ ሆኜ ሽንኩርት እልጣለሁ። ጋሽ ደበላ «አንተ ሰው፣ ከዚያ እሳት ወጥተህ ደግሞ ከሕፃናት ጋር ስትንጫጫ ታመሻለህ። የእውነት ደስ ይልሃል?» አሉት።

አባቴ እየሳቀ «ኧረ ምን ደስታ አለው ጋሼ፣ ወገቤ እየተቆረጠ። ቢተዉኝ ሄጄ ብጋደም ነው የምወደው» አለ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ ከፋብሪካ የሚወጣው እኛን ለማግኘት እየሮጠ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሸክም ነን አልኩ። ማታ ወንድሜና እህቴ ለመውጣት ሲነሱ በሩን ዘጋሁና «ዛሬ ተረት የለም» አልኳቸው።

አባቴ ውጭ ብቻውን ተቀመጠ። ጥቂት ጠበቀና በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

«ምነው፣ ዛሬ ሰው የለም እንዴ?»

«ሂድና ተኛ። ደስ አይለኝም ብለሃል፤ ሰምቼሃለሁ» አልኩት።

የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ወይም ደግሞ ቀልዴን ነው ብሎ የሚያባብለኝ። ሁለቱንም አላደረገም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ «እውነት ነው» አለ። «ስጀምር ደስ አይለኝም። ከዚያ ጩኸት ወጥቼ ስመጣ የሰው ድምፅ እንኳ ያስጠላኛል። ግን መሀል ላይ እናንተ ስትስቁ አንድ ነገር ይመጣል፤ ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ተጋድሜ ብጠብቀው አይመጣም፤ ሞክሬዋለሁ። ስለዚህ ሳልፈልግም እጀምራለሁ።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣማ ተረቱን እጨርስና እተኛለሁ። በሉ ውጡ።»

ወጣን። እንደዚያን ምሽት ያለ የማይጥም ተረት ነግሮን አያውቅም። እኔ አኩርፌ ነበር፣ ታናሼን እንቅልፍ ወሰደው፣ ማንም አልሳቀም። እሱ ግን ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ ተቀምጦ ጨረሰው።

አሁን እኔ አዳማ ነው የምኖረው፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ማታ ስገባ የአምስት ዓመቷ ልጄ ሲፈን በር ላይ ትጠብቀኛለች። የሥራ ባልደረቦቼ «ልጄን ሳጫውት ድካሜ ሁሉ ብን ይላል» ሲሉ እሰማለሁ። ብን ይልላቸው ይሆናል፤ እሰየው ነው። የእኔ አይጠፋም። ልጄን ከነፍሴ እወዳታለሁ፤ ጨዋታዋ ግን ብዙ ጊዜ ይሰለቸኛል፣ ይህንን ስናገር አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ክፉ እናት ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ስልኬን ኩሽና ውስጥ፣ ከሳህኖቹ ኋላ እከተውና ሄጄ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ደስታው እስኪመጣ አልጠብቅም። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ከተረቶቹም ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ ያ የደከመ ሰው ማንም ሳይስቅለት እስከ መጨረሻው መቀመጡ ግን ከእኔ ጋር ቀርቷል።

ትናንት ማታ ጨዋታው ሚኒባስ ነበር። ፍራሹ መኪናው ነው፤ ሲፈን ሾፌርም ረዳትም ናት። «ሶደሬ፣ ሶደሬ፣ የሞላ!» እያለች የድስት ክዳን ታሽከረክራለች። እኔ ተሳፋሪ ነኝ፤ ተሳፋሪ ደግሞ ዝም ብሎ ከመቀመጥ በቀር ምንም ሥራ የለውም። መንገዱም አያልቅም። እግሬ አብጧል፣ ራት አልተሠራም፣ ዓይኔ ክድን ክድን ይልብኛል። ሲፈን ማሽከርከሯን ትታ ዞረችና ፊቴን አየችው።

«እማዬ፣ ደስ ብሎሻል?»

ልዋሻት አልፈለግኩም።

«ገና ነው» አልኳት። «ግን አልወርድም። ንጂው።»