የቡና ኬላና የግፊቱ መድኃኒት

በደርግ ጊዜ መቱ አጠገብ ባለችው ሁሩሙ ነርስ ሆኜ ስመደብ፣ የወደቀ የደም ግፊት የሚያነሣ ሜታራሚኖል የሚባል መድኃኒት ነበረን። ዛሬ ከናካቴው የጠፋ ያህል ነው፤ ወጣት ሐኪሞች ስሙን ስጠራላቸው ግር ይላቸዋል። ደም አይተካም። የደም ሥርን አጥብቦ የቀረችውን ደም ወደ ልብና ወደ አንጎል ይገፋታል እንጂ። በጠብታ ሲሰጥ ከፈጠነ ግፊቱን ከልክ በላይ ይሰቅለዋል፣ ከዘገየ በሽተኛው ይወድቃል። ስለዚህ ዓይን ከጠብታው አይነቀልም።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ቤቷ የወለደች ሴት በቃሬዛ አመጡልን። የእንግዴ ልጁ ወጥቷል፣ ደሙ ግን አልቆመም። ማህፀኗን አሽቼ፣ መርፌ ወግቼ ቀነስኩት። ግፊቷ ግን በመለኪያው አልሰማ አለኝ፤ እጇ ቀዝቅዟል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። የቀረንን ሜታራሚኖል ከአንድ ጠርሙስ ግሉኮስ ጋር ቀላቅዬ በክንዷ ደም ሥር በጠብታ ሰጠኋት። ቀስ በቀስ ዓይኗን ገለጠች።

ደም የምታገኘው መቱ ብቻ ነበር፤ እኛ ደግሞ አምቡላንስ የለንም። ባሏ ሮጦ ገበያ ሄደና ጋሼ የምንላቸውን ጉራጌ ነጋዴ ከነላንድሮቨራቸው ለምኖ አመጣ። ከቤቱም ፍራሽ አምጥቶ ራሱ ከኋላ አነጠፈ። ሕፃኑን ለአያቱ ትተን አስተኛናት። ባሏ ከፊት ከጋሼ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ ይዤ አጠገቧ ተንበረከክሁ።

መቱ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን የቡና ኬላው ላይ ጠባቂዎች አስቆሙን። ያኔ ቡና ያለ መንግሥት ፈቃድ ከቦታ ቦታ አይንቀሳቀስም፤ በሬሳ ሣጥን ሳይቀር ያሳለፉ አሉ ይባል ነበር።

“አስነሷት፣ ፍራሹ ይፈተሻል” አለ አዛዡ።

“ጓድ፣ ቀና ካለች ግፊቷ ይወርዳል። እዚሁ ትሞታለች።”

“ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው፣ ሲስተር። በቀደም ነፍሰ ጡር ነኝ ያለችው ሆዷ ቡና ነበር።”

አንዱ ጠባቂ ሊያነሣት ትከሻዋን ሲይዝ ክንዷ ታጠፈና ጠብታው ቆመ።

“አትንካት!”

ጠመንጃ በያዘ ሰው ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሰውየው ደንግጦ ለቀቃት። ክንዷን ባቃናውም ጠብታው እንቢ አለ፤ ላስቲኩን ጨመቅ፣ ለቀቅ ሳደርገው እንደገና ወረደ።

“እርስዎ ራስዎ እጅዎን ከሥሯ ያስገቡ፤ እሷን ግን አያንቀሳቅሷት” አልኩት አዛዡን።

ጎንበስ ብሎ እጁን ከፍራሹ ሥር ሰደደ። ሲያወጣው በፍራሹ ስፌት ቀዳዳ የዘገነውን እፍኝ ሙሉ ቡና ይዟል።

ክው አልኩ። ጋሼም መሪውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

“የኔ ነው” አለ ባልየው። “እነሱ አያውቁም። መቱ ሸጬ ላሳክምበት ብዬ ነው።” ሳይጠሩትም ከመኪናው ወረደ።

አዛዡ እሱን አየ፣ ከዚያ የጎደለውን ጠርሙስ አየ። “ይሄ ሲያልቅስ?”

“ሌላ የለኝም።”

እኔ ጠብታውን ነበር የማየው።

“ሂዱ። እሱ እዚህ ይቀራል፤ መኪናው ሲመለስ ቡናውን ያራግፋል።”

መንገድ ላይ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። “አባን ዋራ ኮ ኤሳ ጂራ?” ባሌ የት አለ ማለቷ ነው።

“ዱባ ዱፋ” አልኳት፤ ከኋላ ይመጣል።

መቱ ስንደርስ ጠርሙሱ ሥር ጥቂት ብቻ ቀርቶ ነበር። ደሟ ሲመረመር የጋሼ ገጠመላት፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰጧት። ከዚያ ሲመለሱ ኬላው ላይ ቡናውን አራግፈው ሁሩሙ ገቡ። እሷ ዳነች። ባልየው ግን ከእስር የተፈታው ልጃቸው መዳህ ሲጀምር ነው።

ሕፃኑን ሊያስከትቡ አብረው መጡ።

“ሲስተር፣ ያኔ ተቆጥተውብኝ ነበር?” አለኝ።

“አዎ። ያ ቡና ሊገድላት ነበር።”

“በምን ላሳክማት ነበር ታዲያ?”

ልጁን ተቀብዬ ክንዱን አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግሁ።