የወይዘሮ የሺ ኮርኒስ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የሳሎኔን የቀርከሃ ኮርኒስ ቀና ብሎ አየና፣ «እማ፣ ይሄን አፍርሰን ጂፕሰም እናድርግልሽ» አለኝ። ውጭ የዳንግላ ዝናብ ይወርዳል። ሳቄ መጣ። እሱ ምኑን አውቆት!

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ የጨረታ አቤቱታ አጣሪ ሆኜ ሥራ ከያዝኩ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት እንጅባራ ላይ ለቢሮ የሚከራየውን ሕንፃ በጨረታ መረጠ። የተሸነፉት ወይዘሮ የሺ አቤት አሉና፣ አመራረጡን እንድናጣራ ከአለቃዬ ከአቶ ፈንታ ጋር ተላክሁ። አቶ ፈንታ ደግ ሰው ናቸው፤ ንግግር ከጀመሩ ግን ማቆሚያ የላቸውም። ሐምሌ ነበር፤ ከሚኒባስ እስክንወርድ ጫማችን ጭቃ ጠገበ።

የወይዘሮ የሺ ነገር አንጀት ይበላል። ባለቤታቸው ለጨረታ ያቀረቡትን ቤት ኮርኒስ በአካባቢው ቀርከሃ በእጃቸው ሠርተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። «ካልተከራየልኝ ሸጬው ባሕር ዳር ልጄ ዘንድ መግባቴ ነው» አሉን። «እኔ ደግሞ ከዚህ አገር ወጥቼ የት እኖራለሁ?» ትኩስ ድንች በአዋዜ አቀረቡልን። አቶ ፈንታ፣ «አጣሪ ነን፣ አንበላም» ብለው ሳህኑን መለሱት። እኔ ምራቄን ዋጥኩ።

መራጮቹ ቤቶቹን የጎበኙት እንደ ልማዳቸው በጥር፣ መንገዱ ሲደርቅ ነበር። ለወይዘሮ የሺ ኮርኒስ «ዘመናዊ አይደለም» ብለው ዜሮ ሰጡ። አሸናፊው ባለ መስታወት ሕንፃ ግን አዳራሹ ጭራሽ ኮርኒስ የለውም፤ ባለቤቱ «አስገባለታለሁ» ስላለ ብቻ ሙሉ ነጥብ አገኘ። ጉድ ነው!

መራጮቹንና ሁለቱን ባለቤቶች በዚያ አዳራሽ ሰበሰብን። አቶ ፈንታ ንግግራቸውን ሲጀምሩ ዝናቡም ጀመረ። እንጅባራ ላይ ዝናብ ማለት ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ተንጫጫ፣ የአለቃዬ አፍ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የአንገታቸው ሥር ተገታትሮ እስኪታይ ጮኹ። ማንም ምንም አልሰማም። ወይዘሮ የሺ እጄን ያዝ አደረጉና እዚያው አጠገብ ወዳለው ቤታቸው አመለከቱኝ። ሁላችንም ሮጠን ገባን።

እዚያ ዝናቡ ከሩቅ የሚሰማ ነገር ሆነ። አቶ ፈንታ ግን አላወቁትም፤ መጮኻቸውን ቀጠሉ። ወይዘሮ የሺ በእርጋታ፣ «ኧረ አቶ ፈንታ፣ እንሰማዎታለን፤ ምን ያስጮኽዎታል?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አለቃዬ ቀና ብለው ቀርከሃውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ መራጮቹ ዞሩና፣ «ለዚህ ነው ዜሮ የሰጣችሁት?» አሉ።

ምርጫው እንዲሰረዝና ቤቶቹ በክረምት ዳግም እንዲታዩ ጻፍን። ዳግም ታዩ፤ ወይዘሮ የሺ አሸነፉ፤ ከእንጅባራም አልወጡም። በዓመቱ በግል ጉዳይ ሳልፍ ያንን ድንች በላሁት፤ አዋዜው እስካሁን አፌ ላይ አለ። የራሴን ቤት የሠራሁ ጊዜም ኮርኒሱን ከዚያው አካባቢ ቀርከሃ አሠራሁ።

ይሄን ሁሉ ለልጄ አልነገርኩትም። ዝም ስለው የተስማማሁ መሰለውና ወደ ጓዳ ገባ። ዝናቡ በርትቷል። ለሚስቱ በሹክሹክታ፣ «ቅዳሜ እማ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አናጺውን እንጥራው» ሲላት ሰማሁ።

«ሰምቻለሁ!» አልኩት ከተቀመጥኩበት።