ተበዳይ ብቻ የመጣበት ዕርቅ

ኦቦ ሂርጳ ጎጆ ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት ሲያስታርቁና ለጋብቻ ዘር ሲያጣሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የማን ቤት ምን እንደሚደብቅ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የሚያውቁትን ግን አይናገሩም፤ የራሳቸውንም ጭምር። የልጅ ልጃቸው መቲ ከተወለደች ጀምሮ ያስላታል፤ ልቧም በቀኝ በኩል ነው። ለጠየቃቸው ሁሉ «የጎጆ ብርድ ነው» ይላሉ።

በ2011 ዓ.ም. ዶክተር ቢሊሴ የምትባል ተመራማሪ ከአምቦ መጥታ መቲን መረመረች። በሳንባ ቧንቧ ውስጥ አክታ የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች አይሠሩም፤ በዘር የሚወረስ፣ ብዙ የማይገኝ በሽታ ነው አለች። በሽታው ያለበት አምስት ቤተሰብ ከተገኘ አክታ ማውጣት የሚያስተምር ባለሙያ በየወሩ ጎጆ ድረስ ይመጣል። ካልተገኘ መቲ አምቦ ትመላለሳለች። ያ መንገድ ደግሞ ለጤነኛም አይመከርም።

ኦቦ ሂርጳ የቀሩትን አራት ቤቶች ያውቋቸዋል። በበሽታ ስም ቢጠሯቸው ግን ማንም አይመጣም፤ የሚዳር ልጅ ያለው ሰው ዘሩን አያስነካም። ስለዚህ «ዕርቅ አለ፣ ከነልጆቻችሁ ኑ» ብለው ላኩባቸው። ሽማግሌ ለዕርቅ ከጠራ መቅረት ነውር ነው።

ቅዳሜ ሁሉም መጡ፤ ሁሉም ተበዳይ ሆነው።

«እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» አለ ከተጠሩት አንዱ ጉተማ ገና ሳይቀመጥ። «የገፋውን ወሰን ግን ይመልስ።»

«ማን?» አሉ ኦቦ ሂርጳ።

«ያስጠራኝ ሰው ነዋ።»

ሌላዋ ተጠሪ ሲንቄ ዙሪያውን ገላመጠች። «በዳዩ የታለ? ድንቼን ሳልቆፍር ነው የመጣሁት።»

በዚህ መካከል የጉተማ ልጅ ሳለ። የሲንቄ ልጅ ተቀበለችው፤ ከዚያ መቲ፣ ከዚያ ሁለት ሌሎች። አንድ ዓይነት ሳል ነው፤ እርጥብና ረጅም። ወላጆች መሬት መሬት አዩ።

«ብርድ ነው» አለች ሲንቄ።

«የእኛም» አለ ጉተማ።

መቲ ወደ አያቷ ዞረች። «አካኮ፣ እርስዎ ካልጀመሩ ማን ይጀምራል?»

ኦቦ ሂርጳ ከዳኝነት ወንበራቸው ተነሥተው በበዳይ ቦታ ቆሙ።

«በዳዩ እኔ ነኝ። የዚህች ልጅ ሳል ብርድ አይደለም፤ ከቤቴ ዘር የመጣ ነው። የእናንተንም እያወቅሁ ዝም አልኩ። ልጆቻችሁ እያንዳንዳቸው ብቸኛ መስሏቸው አደጉ።» ውጭ ስትጠብቅ የነበረችውን ዶክተር ቢሊሴንም ጠርተው ስለ በሽታውና በየወሩ ስለሚመጣው ባለሙያ አስረዷቸው።



«ካሣውስ?» አለች ሲንቄ።

የተጠሩት ወላጆች ተመካከሩና ፈረዱ፦ ኦቦ ሂርጳ ሰባት ትውልዳቸውን በሁሉም ፊት ያስመዝግቡ፤ ለምርመራውም ደም ቀድመው ይስጡ።

ትውልዱን በኩራት ቆጠሩ። መርፌውን ሲያዩ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኋላቸው ሰልፍ ሆነ፤ ዶክተሯም አምስተኛውን ቤተሰብ መዘገበች።

«ኦቦ ሂርጳ፣ ላብ አልቦዎታል። ውሃ ይምጣልዎት?» አለ ጉተማ።

«ለልጆቹ ስጡ» አሉ፤ የመጣውን ውሃ ግን ጥርግ አድርገው ጠጡት።