የአባ ኮዳ እግር

የወጣሁ ሌሊት ሐዋሳ ይዘንብ ነበር። ባጃጁ ከታቦር ቁልቁል ሲወርድ አባዬ አጠገቤ ተቀምጧል፤ እጁ እንደ ሁልጊዜው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ዕድሜ ልኩን ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲሸጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ሽታው በሳሙና አይለቅም፤ እኔ ደግሞ አብሬው ያደግኩ ነኝና ምንም አይመስለኝም። የሞያሌው አውቶቡስ ጋ ስንደርስ እንደ ሌሎቹ ሸኚዎች "ቶሎ ልመጂ" አላለኝም። "ካስጠላሽ ተመለሺ" አለኝ። "እስክትለምጂው አትጠብቂ።" እሺ አልኩት።

ለምን እንደሄድኩ ለማታውቁ ልንገራችሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ፣ ማስተማሩንም እወደው ነበር። ያስመረረኝ ስብሰባው ነው። አንድ ለአምስት ተደራጁ ተባልንና በየሳምንቱ እርስ በርስ እንገመገማለን። ማታ አብረውኝ የበሉ ሰዎች ጠዋት እጃቸውን አውጥተው "የአመለካከት ችግር አለባት" ይሉኛል። መናገራቸውስ ይሁን፤ የሚዘገንነኝ ከስብሰባው ስንወጣ ሻይ ጋብዘውኝ ምንም እንዳልተፈጠረ መሳቃቸው ነበር። ባለቤቴ ማርቆስ ቀድሞኝ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ሱቅ ከፍቷል። ነይ ነይ ሲለኝ ተነሣሁ።

ከመሄዴ ጥቂት ቀደም ብሎ ተማሪዎቼን ይዤ አሞራ ገደል ወርጄ ነበር። አባ ኮዳን ላሳያቸው ነው፤ ያንን አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ዓሣ አጽጂዎቹ የሚጥሉትን አንጀት የሚሻማ መላጣ ወፍ። እግሩ ለምን ነጭ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ ማንም አላወቀም። ሙቀት ሲበዛበት በገዛ እግሩ ላይ ይጸዳዳል፣ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል፣ ነጩም የደረቀ ኩሱ ነው አልኳቸው። ሁሉም አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ አካባቢው ሲከብደው ራሱን እንደሚያስተካክል በኩራት አስረዳሁ። አንዷ ተማሪ ታዲያ ሐይቁ እዚሁ አይደል፣ ለምን ገብቶ አይታጠብም አለችኝ። "ይሄኛው ይቀለዋል" ብያት ሳቅን።

መንገዱን ብዙ ሰው ስላወራው አልደግመውም። በጭነት መኪና፣ በበቆሎ ጆንያ ሥር፣ የማላውቀው ሰው ላቡንም ትውከቱንም እኔ ላይ እያደረገ ሄድኩ፤ ደላላው ደግሞ አየሩ እንዳያልቅ ትንፋሻችሁን ቀንሱ ይለን ነበር። ደቡብ አፍሪካ ገብቼ የስደተኛ ወረቀት የሚሰጥበት ቢሮ ስደርስ ሹሙ በአስተርጓሚ ከምን ሸሽቼ እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

"ከስብሰባ" አልኩ።

አስተርጓሚው የወላይታ ልጅ ነበርና ሳቁን ዋጠው። ሹሙ ደብድበውኝ እንደሆነ ጠየቀ፤ አይ አልኩ። ታዲያ ምን አደረጉሽ ሲለኝ፣ ራሴን እንድገመግም አደረጉኝ አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ። "እዚህም ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለ" አለ። "እኔስ የት ልሂድ?"

የማርቆስ ሱቅ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር፣ የአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ ጎጎ ይላታል፣ አያቴ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሱቅ ስፓዛ ይሉታል፤ ሻጩ ከውስጥ ተቆልፎበት በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ዳቦ ያቀብላል። ምግባቸው ፓፕ ነው፣ እንደ ገንፎ ያለ፣ ግን ቅቤ አልነካው፣ በርበሬ አላየው። ብርዱ ደረቅ ነው፤ የሐዋሳ ነፋስ እንኳ ከሐይቁ ሲመጣ ለስለስ ይላል። የሽንት ቤቱ ቧንቧ እያፈሰሰ መኝታችን ድረስ ሲመጣ ለጎጎ አቤት አልኩ። ከእናንተ በፊት የነበረው ሶማሌ አንድም ቀን አላማረረም አለችኝ። የት ሄደ ብላት ተገደለ አለች።

ታምራት ከእኛ ጋር የሚሠራ የሆሳዕና ሰው ነበር፣ ተጫዋች። አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ሌቦች በፍርግርጉ ተኩሰው ገደሉት። ፖሊስ ሬሳውን ወሰደ። ጠዋት ስነሣ ማርቆስ ወለሉን በበረኪና ያጥባል። የዳቦው መኪና ጥሩምባውን ነፋ፣ ማርቆስ ተረከበ፣ ሱቁን ከፈተ። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ደሙ ገና አልለቀቀም። የትኩስ ዳቦና የበረኪና ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ፣ ከጓሮ ሄጄ ያለ የሌለውን አስመለስኩ። ተመልሼ እንዴት ትከፍታለህ አልኩት።

"ዳቦው ይደርቃል" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ "ትለምጂዋለሽ።"

ያን ቀን ባሌን ተጸየፍኩት። እጁ ሲነካኝ ሰውነቴ ይኮማተር ነበር። ለአባዬ ደውዬ ልመለስ ነው አልኩት፤ ደስታው በስልክ ታወቀኝ፣ ነይ፣ ክፍልሽ እንዳለ ነው አለኝ። ብርዱ ይለፍ ብዬ ቆየሁ። ብርዱ ሲያልፍ የገና ገበያ ይለፍ አልኩ። የተኩስ ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ አልጋ ሥር እገባ ነበር፤ በኋላ ጎንበስ ማለት ብቻ ሆነ፤ ከዚያ መልስ ቆጥሬ ሰጥቼ ጎንበስ አልኩ። አባዬ በደወለ ቁጥር መቼ ነው ይለኛል፣ እኔም ትንሽ ቀረኝ እለዋለሁ። ኋላ መጠየቁን ተወ።

አንድ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ የአገር ልጆች ነጠላ ለብሰው ግቢው ውስጥ ቆመው አየሁ። ያለ ነገር ማንም በዚያ ሰዓት አይመጣም፤ መርዶ ነው። ሴቶቹ ስወድቅ ሊይዙኝ በግራና በቀኜ ተጠጉ። ሽማግሌው ጸሎት አድርጎ አባትሽ ዐርፏል አለኝ። ማርቆስ፣ ያ ማርቆስ፣ የዳቦ ሣጥን ላይ ቁጭ ብሎ ጮሆ አለቀሰ።

እኔ ግን የዳቦውን መኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ከሴቶቹ እጅ ወጥቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ ዳቦውን ተረከብኩ። ዞር ስል ሁሉም ያዩኛል፤ ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ ተማሪዎቼ ወፉን ሲያዩ የነበረው ነው።

ከረፋዱ እማዬ ደወለች። እኔ ፍርግርጉ ጋ ነበርኩ። ስሙን እየጠራች፣ ዓሣ የሚሸት እጁን እያነሣች አለቀሰች፤ ከኋላዋ የለቀስተኛው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ተራዬን ጠበቀች።

"አልቅሺ እንጂ ልጄ" አለችኝ። "አልሰማሽም እንዴ?"

"እማዬ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አይሰማኝም" አልኳት።

ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። አንድ ሰው በቀዳዳው እጁን አስገብቶ ዳቦ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት።