የኔታ ያቋረጡት እንግሊዝኛ

ዛሬማ በደባርቅ አስጎብኚ ሞልቷል፤ ስልኩን ከፈት አድርጎ የዋልያን ታሪክ ያንበለብለዋል። ያኔ፣ በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ነገሩ ሌላ ነበር። በቅሎ ጫኚው ደምለው አስጎብኚ ለመሆን ሲመኝ ሀብቱ ጆሮው ብቻ ነበር። ዓመታት ከእንግዶች ኋላ እየሄደ፣ አስጎብኚዎች የሚሉትን እንግሊዝኛ በተራሮቹ መንገድ ከሳንቃበር ሰፈር እስከ ጨነቅ ሰፈር ከነትንፋሹ ሸመደደው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነውና ያለ ዜማ አይያዝለትም፤ ጅብራ የሚሉትን ተክልም ጭላዳ ዝንጀሮውንም በዜማ አስኬዳቸው።

የአስጎብኚነት ፈተናው ላይ ጉድ ፈላ። ገና ጭላዳ ላይ ሲደርስ ፈታኙ «ጭላዳ ስንት ዓመት ይኖራል?» ብሎ በእንግሊዝኛ አቋረጠው። ደምለው ክው አለ። ጉሮሮውን ጠረገና «እንኳን ወደ ሰሜን ተራሮች በደህና መጣችሁ» ከሚለው እንደገና ጀመረ። ደግሞ ሲጠይቁት ደግሞ ከ«እንኳን ደህና መጣችሁ» ተነሳ። ፈታኞቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ እሱም ወደቀ። ከክረምት በኋላ አንድ ዕድል ቀርቶታል፤ ያም ካመለጠው ከበቅሎ ኋላ መቅረቱ ነው።

በመጨረሻ ሚስቱ ባንቻየሁ ፊደል ወዳስቆጠሩት ወደ የኔታ ወልደ ሩፋኤል ገፋችው። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጆቹም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሄደውባቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለች ጎጆ ብቻቸውን ይውላሉ።

«የኔታ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ አያውቁ፣ በምን ይረዱኛል?»

«እንግሊዝኛው መች ጠፋህ! አንተ ያጣኸው የሚያቋርጥህ ሰው ነው። በል ዝለቀው።»

ደምለው በዜማው ጀመረ፤ ብዙም ሳይሄድ የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ።

«ቆይ። ስለ ምን እያወራህ ነው?»

«ስለ ጭላዳ፣ የኔታ።»

«ምን ይበላል?»

«ሣር።»

«በነሱ ቋንቋ በለው እንጂ! ከዚያ ካቆምክበት ቀጥል። ወደ ኋላ ብትመለስ በዚህ መቋሚያ ነው የምልህ!»

ክረምቱ በዚህ አለፈ። ደምለው ከእርሻ ሲመለስ እርጥብ ጋቢውን እንደ ለበሰ ጎራ ይላል። መጀመሪያ ላይ ላብ በላብ ይሆን ነበር። ሲጠፋው የኔታ ይጠብቁታል፤ ቢበዛ «የምታውቀውን ያዝና ከዚያ ተነሳ» ይሉታል። ቃል ሲያጥረው በሌላ ቃል ዞሮ መሄድ ለመደ። «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ማለት ግን አንገቱን አስደፋው፤ ኩሩ ሰው ነዋ! የኔታም ሱስ ያዛቸው። ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ሲያሰናዱ ይውላሉ፤ አንድ ቀንማ «ለመሆኑ ፈረንጅ ገደል ሲያይ ያማትባል?» ብለው አፋጠጡት። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዜማው ከአፉ ቀስ በቀስ ጠፋና ደምለው ማውራት ጀመረ። ያ ክረምት አሁን ድረስ ይናፍቀዋል።

በመስከረም ፈታኙ ደጋግሞ ቢያቋርጠውም ካቆመበት እያነሳ ጨረሰ። ውጤቱን እንደ ሰማ እየሮጠ ሄዶ የኔታ ጉልበት ላይ ወደቀ።

«አለፍኩ፣ የኔታ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ስሙ ይመስገን!»

መረቁት፣ አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ መቋሚያቸውን ዳበሱ።

«እንግዲህ ነገ አትመጣማ» አሉ።

ደምለው ክረምቱን ሙሉ የተቸገረው እሱ ብቻ መስሎት ነበር፤ ለካ የኔታም የሚያጫውታቸው ሰው ቸግሯቸው ኖሯል።

«ምነው የኔታ፣ ስለ ወፎቹ መቼ ጠየቁኝ?» አላቸው።

የኔታ ከመደቡ ላይ ፈቀቅ አሉለት፤ አጠገባቸው ተቀመጠ።