«ሆዷን ነው» ያልኩ ቀን

ብዙ አልተማርኩም። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ አረብኛውን ደግሞ ሪያድ ላይ መሪ ጨብጬ የለቀምኩት ነው። ያን ጊዜ መንሱራ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ የአገሬን ሴቶች ለጽዳት ሥራ በመኪና አመላልስ ነበር። ሴት መኪና በማትነዳበት ከተማ ሽማግሌ ሾፌር ይፈለጋል። አባባ ይሉኛል። ገበያም፣ ፋርማሲም ስንሄድ አፋቸው እኔ ነኝ።

ከእነሱ ስለ አንዷ ነው የምጽፈው። ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ የወጣች፣ ኢቃማ የሌላት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ሐበሻው በጅምላ ተይዞ ወደ አገሩ ከተመለሰ ሁለተኛ ዓመቱ ስለነበር፣ ኢቃማ፣ መኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ የሌለው ሰው ሐኪም ቤት በር ላይ አይደርስም ነበር። ልጅቷ መኪናዬ ውስጥ ስትገባ መቀመጫው ላይ ፌስታል ዘርግታ ነበር የምትቀመጠው። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን አልጠየቅኋትም።

አንድ ሰሞን ሰፈራችን ካለች ትንሽ ክሊኒክ አንዲት ሱዳናዊት ሐኪም ጥናት ጀመረች ተባለ። ስደተኛ ሴቶች ማህፀናቸውን ሲያማቸው የት እንደሚታከሙ ትጠይቃለች። የታመመች ካገኘች ደግሞ ኢቃማ ሳትጠይቅ እዚያው ትመረምራታለች። የሰማች ሴት ሁሉ ያላ ብላ መጣች። እኔ ሴቶቹን ባደረስኩበት ቀን የሐኪሟ አስተርጓሚ ቀረች። ወንድ ውስጥ ስለማይገባ ከመጋረጃው ውጪ ወንበር ሰጡኝና በጨርቁ በኩል ማስተርጎም ጀመርኩ።

«አባባ ዛሬ አዋላጅ ሆነው አረፉት!» አለች ወረፋ ከሚጠብቁት አንዷ።

«ተያቸው እባክሽ፣ ላብ አጠመቃቸው እኮ» አለች ሌላዋ። ኮሪደሩ በሳቅ ሞላ።

እውነትም አልቦኝ ነበር።

የልጅቷ ተራ ደረሰ። ሐኪሟ ምን እንደሚያማት ጠየቀች፣ እኔም ጥያቄውን ለልጅቷ በአማርኛ ነገርኳት። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ ደም ይፈሰኛል በሏት። የወር አበባ አይደለም። ስድስት ወር አለፈው፤ አልቆም አለ» አለች።

የአረብኛው ቃል አልጠፋኝም። አፌ ላይ ነበር። ግን እኔ ባደግኩበት ቤት ይህ ነገር ወንድ ፊት አይነሳም። እናቴ አንዳንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ ስታስቀድስ ለምን እንደማትገባ ጠይቄያት አላውቅም። ልጅቷ ደግሞ ልጄን ታክላለች፣ ኮሪደሩም ሙሉ ሰው ነው። ክብሯን የጠበቅኩላት መሰለኝ።

«ሆዷን ነው የሚያማት» አልኩ።

«ብቻ?» አለች ሐኪሟ።

«ብቻ።»

የጨጓራ ኪኒን ጻፈችላት። ያ «ብቻ?» ያለችው ድምፅ ጸጥ ባለ ቦታ ሁሉ ይከተለኛል። መለስ የምልበትን በር ከፍታልኝ ነበር።

ልጅቷ መርቃኝ ወጣች። ሦስት ሳምንት ያህል ኪኒኑን ዋጠች። አንድ ጠዋት ሱለይ ወደሚባለው ሰፈር ለሥራ ስወስዳት፣ «አባባ፣ መድኃኒቱ ደሙን አላቆመልኝም። ቆይቶ ይሠራ ይሆን?» አለችኝ።

መኪናውን ከአንድ መጋዘን ጥግ አቆምኩ። ፊቷን ማየት ስላቃተኝ መሪውን እያየሁ ያደረግኩትን ነገርኳት።

«እኔ እኮ ነግሬዎት ነበር» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር።

ሥራውን ትተን ወደ ክሊኒኩ በረርን። ጥናቱ አልቋል፣ ሐኪሟም ሄዳለች፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ኢቃማ» አለ። የለም። «ባልሽስ?» የለም። ኸላስ፣ አለቀ። ሌሎች ሁለት ቦታዎች ሞከርን፤ ያው ነው። ያን ቀን የአረብኛውን ቃል ድምፄን ከፍ አድርጌ ለእንግዳ መቀበያው ሁሉ ተናገርኩት። የሚሰማኝ አልነበረም።

በመጨረሻ እጇን ልትሰጥ ወሰነች። ቢያንስ አገሯ ገብታ እንድትታከም። ወደ ተርሂል፣ ተመላሾች ወደሚያዙበት ግቢ፣ ያደረስኳት እኔው ነኝ። ቀለሟ አመድ መስሎ ነበር።

«ልጄ፣ እዚያ ሐኪም ስታገኚ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እዚያስ ራሴ እናገራለሁ፣ አባባ። አስተርጓሚ አያስፈልገኝም» አለችኝ። ለመውቀስ አልነበረም፤ እንዲያውም ፈገግ ብላለች። የእህቷን ስልክ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ፣ «መግባቴን እሷን ይጠይቋት» ብላ ሰጠችኝና ወረደች።

ስንት ጊዜ ቁጥሩን መትቼ ሳይጠራ ዘጋሁት። እህቷ ብታነሳው ማን ነኝ ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።