ሽማግሌው ወሬያቸውን እስኪጨርሱ

እንደ ያዮ ያለ ጨዋ በኦቦክ ባሕር ዳርቻ የለም። እኔን ያንጨረጨረኝም ይኸው ጨዋነቱ ነው።

ሁለታችንም የምንሠራው የበረሃ እንስሳት ለምታጠናው ለዶክተር ሳፊያ ነበር። እኔ ለበረሃ አይጥ የቆርቆሮ ወጥመድ እዘረጋለሁ። ቴምርና ደረቅ ዓሣ ወቅጬ እከትበታለሁ፣ ሸርጣን ይበላብኛል፣ ጠዋት ባዶውን ቆርቆሮ እለቅማለሁ። ሥራ ነው ይሄ? ያዮ ግን የውሃው ጉድጓድ አጠገብ መረብ ተክሎ ወፍ ይይዛል። ወፍ ከመረብ መፍታት የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነው። እኔ አንዴ ሞክሬ ክንፍ ስለሰበርኩ ሁለተኛ እንዳልነካ ተነግሮኛል።

ሳፊያ ሦስት ሳምንት የጠበቀችው አንዲት ወፍ ነው፤ አምና እዚሁ እግሯ ላይ ቀለበት አስራ የለቀቀቻት። ባሕር ተሻግራ ተመልሳ ትመጣ እንደሆን ማየት ፈልጋ ነው። ድንኳን በምንነቅልበት ቀን ጠዋት፣ ሳፊያ ነዳጅ ልታመጣ ከተማ እንደሄደች፣ ያዮ መረብ ውስጥ የገባች ወፍ በመነጽር አይቶ "ቀለበት አላት!" አለና ወደ መረቡ ሮጠ።

መንገድ ላይ ሐጂ ሐምፈሬ ከነግመሎቻቸው አገኙት። ሽማግሌ ለዳጉ፣ ወሬ ለመለዋወጥ፣ ከተቀመጠ ማን ጥሎ ያልፋል? ያዮም ተቀመጠ። የማን ግመል ወለደች፣ የቱ ጉድጓድ ጨው ሆነ፣ ማን ማንን አገባ፤ አንድ አላስቀሩም። እኔ ከኮረብታው ላይ ሆኜ ወፏ ስትንፈራገጥ አያለሁ፤ ፀሐዩ ደግሞ ድንጋይ ያፈነዳል። አላስችል ሲለኝ ወጥመዱን ጥዬ ወረድኩ። አፌን ሳልከፍት ሐጂ ቀና አሉ።

"አንተም መጣህ? ተቀመጥ ልጄ፤ ከመጀመሪያው ልንገርህ።"

እግሬን ይስበረውና ተቀመጥኩ። የሽማግሌ አፍ እንዴት ይቋረጣል? ያዮ ሊነክሰኝ ደርሶ ነበር። ግመሊቱ እንደገና ወለደች፣ ጉድጓዱም እንደገና ጨው ሆነ።

በመጨረሻ የእኛን ወሬ ጠየቁ። ያዮ በቀስታ፣ "መረብ ውስጥ ያለች ወፍ ፀሐይ እየበላት ነው" አላቸው። ሐጂ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

"ታዲያ ይሄን እያወቃችሁ እኔን ታስለፈልፉኛላችሁ?"

ስንደርስ አንገቷ ወድቋል። ሳፊያ መጥታ የቀለበቱን ቁጥር አነበበች፤ የራሷ ነው። ያዮ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራት። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወፏን መዳፏ ላይ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

"አንተስ ከላይ እያየህ ነበር። አልወረድክም?"

"ወርጃለሁ" አልኳት።

"ታዲያ ምን አደረግክ?"

"እንደ አዲስ አስጀመርኳቸው።"